ጄኔቫ፣ ሉሰርን፣ ኮንስታንዝ ወይስ ኦህሪድ? የሐይቅ ዳር ከተማ ከመምረጣችሁ በፊት

የአክስቴ ልጅ በቅርቡ አራት ፎቶ ላከችልኝ። አራቱም ላይ ሰማያዊ ውሃ አለ። ከኋላ ተራራ፣ ዳር ላይ ደግሞ የድሮ ቤተ ክርስቲያን። ከሥሩ አንድ መስመር ጽፋለች፦ «የቱ ይሻላል?» ጥያቄው በቴሌግራም በሁለት ቃል የሚመለስ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩላት። ሌላም ሰው እንደሚጠቅም ሳስብ ትንሽ አሰፋሁት።

የማወዳድረው አራት ከተሞችን ነው። ጄኔቫና ሉሰርን ስዊዘርላንድ ውስጥ ናቸው፣ ኮንስታንዝ ጀርመን፣ ኦህሪድ ሰሜን መቄዶንያ። አራቱንም በእግሬ ዞሬያቸዋለሁ። የጣሊያኗን ኮሞ የተውኩት ጠልቻት አይደለም። ከሚላኖ በባቡር 40 ደቂቃ ያህል ስለሆነች ሚላኖ ለሚያርፍ ሰው የአንድ ቀን ውሎ ትበቃለች፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ለጀልባው ብቻ ረጅም ሰልፍ አለ።

መጀመሪያ መለኪያው

ፎቶውን ለጊዜው ተዉት። እኔ የምጠይቀው አምስት ነገር ነው፦ ቪዛው፣ ገንዘቡ፣ በእግር ምን ያህል ይኬዳል፣ ታሪኩ እናንተን ምን ያህል ይነካል፣ የምትሄዱበት ወቅትስ የቱ ነው።

ቪዛው ይቅደም፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም፤ በአንድ ቪዛ በሚዞሩት የአውሮፓ አገሮች ስብስብ፣ በሼንገን ውስጥ ግን ከ2008 ጀምሮ አለች (እዚህ «በእኛ» ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመቱም ወሩም ቀኑም በፈረንጆቹ ነው)። ስለዚህ በአንድ የሼንገን ቪዛ ጄኔቫም፣ ሉሰርንም፣ ኮንስታንዝም ይገባል። የምታመለክቱት ብዙ ሌሊት ለምታድሩበት አገር ነው። ከጉዞው ስድስት ወር ሲቀር ጀምሮ ማመልከት ይቻላል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና መድንም ይጠየቃል። ስዊዘርላንድ ደግሞ ወጪውን ራሳችሁ የምትሸፍኑ ከሆነ በቀን 100 ፍራንክ ያህል እንዳላችሁ ማየት ትፈልጋለች።

ኦህሪድ ላይ ነገሩ ይለያል። ሰሜን መቄዶንያ ሼንገን ውስጥ የለችም። ብዙ ጊዜ የሚያስገባ የሼንገን ቪዛ ላለው ሰው ግን ለአጭር ቆይታ በሯን ትከፍታለች። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቪዛችሁ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ከጄኔቫ ኦህሪድ ሄዳችሁ ወደ ጄኔቫ መመለስ የለም፤ ከሼንገን ወጣችሁ ማለት ቪዛው አለቀ። ስለዚህ ቪዛው ላይ የመግቢያ ብዛት የሚጻፍበትን ቦታ ደግማችሁ እዩት። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊትም የመቄዶንያን የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ገጽ አንብቡ። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት ያላችሁ በዚህ አትጨነቁ።

ገንዘቡን ስታሰሉ የሆቴሉን ዋጋ ብቻ አትዩ። ሰው ሆቴል ያገኝና «ርካሽ ነው!» ብሎ ይደሰታል፤ ከዚያ በምሳና በባቡር ይጎዳል። ማደሪያ፣ ሁለት ጊዜ ምግብና የቀን ትራንስፖርት፣ ሦስቱን ደምሩ። ሦስት ዓይነት ገንዘብ እንዳለም አትርሱ፤ ስዊዘርላንድ ፍራንክ፣ ኮንስታንዝ ዩሮ፣ ኦህሪድ ዴናር።

የእግሩ ነገር በተለይ እናት አባት ይዞ ለሚሄድ ሰው ወሳኝ ነው። የድሮ ከተማ ማለት ብዙ ጊዜ ኮረብታና ኮብልስቶን ማለት ነው። ኮንስታንዝ ሜዳ ናት። ሉሰርን ወንዙ ዳር ሜዳ ነው፣ ግንቡ ጋ ሲደረስ ዳገት ይጀምራል። ጄኔቫ አሮጌው ከተማ ዳገት ላይ ነው፣ ግን አጭር ነው። ኦህሪድ እውነተኛ ዳገት አለው፤ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰዎች በግልጽ ንገሯቸው።

ወቅትን በተመለከተ፣ የእኛ ልጆች ትምህርት የሚዘጋው በክረምት ነው። የአውሮፓም ዋና የጉብኝት ጊዜ ያው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ምርጫ ካላችሁ ግንቦት መጨረሻ ወይም መስከረም ያዙ፤ ውሃው መስከረም ላይም አይቀዘቅዝም፣ ሰው ግን ይቀንሳል።

ጄኔቫ

ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ጄኔቫ ግልጽ ብልጫ አላት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይሄዳል። ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ዋናው ባቡር ጣቢያ ኮርናቫ ደግሞ በባቡር 7 ደቂቃ ነው። ሻንጣ ይዞ ሐይቁ ዳር መድረስ ከቦሌ ፒያሳ ከመሄድ ይቀላል።

ሐይቁ ሌማን ይባላል። ስፋቱ 580 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ እስከ 310 ሜትር ነው። የከተማዋ ምልክት የሆነው የውሃ ፏፏቴ ዤ ዶ 140 ሜትር ወደ ላይ ይወረወራል፤ በየሰከንዱ 500 ሊትር ውሃ ይወጣዋል። አጀማመሩ ለጌጥ አልነበረም። በ1886 የውሃ ኃይል ጣቢያው ግፊት ሲበዛበት የሚያስተነፍሱበት ነበር። ሰው ሲወደው በ1891 አሁን ወዳለበት ቦታ አመጡት። ነፋስ ሲበረታ ስለሚዘጉት በመጀመሪያው ጥሩ ቀን ሂዱና እዩት፤ ለመጨረሻው ቀን አታስቀምጡት።

አሮጌው ከተማ ውስጥ የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ካልቪን የሰበከበት የቅዱስ ጴጥሮስ ካቴድራል አለ። 157 ደረጃ ወጥታችሁ ማማው ላይ ስትደርሱ ሐይቁ፣ ፏፏቴውና ተራራው በአንድ ጊዜ ይታያሉ። ከዚያ ወርዳችሁ ባስቲዮን መናፈሻ ውስጥ የተሐድሶ ግንብን ታያላችሁ፤ አምስት ሜትር የሚሆኑ አራት የድንጋይ ሰዎች ቆመውበታል። ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን አይሞላም።

እኛን የሚነካው ታሪክ ግን ሌላ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በዚህች ከተማ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው በአማርኛ ተናገሩ። ሊጀምሩ ሲሉ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ፤ ከአዳራሹ አስወጧቸው። ብዙ የእኛ ሰው ፓሌ ዴ ናስዮን የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት ሕንፃ ይሄድና «እዚህ ነው የተናገሩት» ብሎ ፎቶ ይነሳል። የዚያ ሕንፃ ትልቁ አዳራሽ ግን ያኔ ገና አላለቀም ነበር። ጉባኤው የተቀመጠው መሃል ከተማ ውስጥ ባቲማን ኤሌክቶራል በሚባል አዳራሽ ነው። አዳራሹ በ1964 ተቃጠለ። ዛሬ በቦታው ዩኒ ዱፉር የሚባል ግራጫ የኮንክሪት የዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ቆሟል፤ ከባስቲዮን መናፈሻ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው።

እኔ እዚያ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነበር። ተማሪዎች ብስክሌታቸውን ያስራሉ፣ አንዷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሳንድዊች ትበላለች። ቆምኩ። አያቴ በሬዲዮ የሰማሁት ንግግር ነው ይሉ የነበረው ትዝ አለኝና ለመሄድ እግሬ እምቢ አለ። ከልጆች ጋር ከሄዳችሁ ይህን ቦታ አሳዩዋቸው። ፓሌ ዴ ናስዮንንም ማየት ተገቢ ነው፤ ግን ጉብኝቱ ቀድሞ በኢንተርኔት ይያዛል፣ መግቢያ ላይ ፓስፖርት ይጠየቃል። ፊት ለፊቱ ባለው አደባባይ አንድ እግሯ የተሰበረ 12 ሜትር ከፍታ ያላት የእንጨት ወንበር አለች፤ ለተቀበሩ ፈንጂዎች ሰለባዎች የቆመች ናት።

ገንዘብ ላይ ጄኔቫ አትምርም። ቀላል ሬስቶራንት ውስጥ እንኳ ዋና ምግብ ከ25 ፍራንክ በታች ማግኘት ይከብዳል። የምታቃልሉባቸው መንገዶች ግን አሉ። ከፍላችሁ የምታድሩበት ማንኛውም ሆቴል ወይም ሆስቴል የነፃ ትራንስፖርት ካርድ ይሰጣችኋል፤ ትራሙን፣ አውቶቡሱንና ሐይቁን የሚያቋርጡትን ትንንሽ ቢጫ ጀልባዎች ይሸፍናል። ስትገቡ ካልሰጧችሁ ጠይቁ! ፓኪ በሚባለው ሰፈር ሐይቁ ውስጥ የገባ የመዋኛ ቦታ አለ፤ በበጋ፣ ማለትም በእነሱ የሙቀት ጊዜ፣ የከተማው ሰው ይዋኝበታል፣ በብርድ ጊዜ ደግሞ እዚያው ፎንዱ ይበላበታል። ቺዝ ቀልጦ በዳቦ እየጠቀሱ መብላት ነው፤ ከአንድ ድስት ለሚቆርስ ሰው እንግዳ አይደለም። ስዊዘርላንድ ብዙ ኤርትራውያን ስላሉባት ፓኪና ጣቢያው አካባቢ እንጀራም አይጠፋም።

ጄኔቫ የስብሰባ ከተማ ናት። ሆቴል ከሰኞ እስከ ሐሙስ ይወደዳል፣ ቅዳሜና እሑድ ይቀንሳል፤ ከሌላው ከተማ የተገላቢጦሽ ነው። አንዳንዱ ሰው ፈረንሳይ ድንበር ላይ አንማስ ያድራል፤ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ሌማን ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር ያገናኘዋል። ዋጋው ይቀንሳል፣ ነፃው ካርድ ግን ይቀራል። ስለዚህ ለሁለት ሌሊት ብዙም ትርፍ የለውም፤ ለአምስት ሌሊትና ለቤተሰብ ነው የሚያዋጣው።

ድክመቷ ምንድን ነው? እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፤ ከጣቢያው ውጭ ዳቦ ለመግዛት እንኳ ትቸገራላችሁ። ከተማዋ ራሷ ከሁለት ቀን በላይ አትይዝም። ሦስተኛ ቀን ካላችሁ ወደ አንሲ በአውቶቡስ ሂዱ፤ 40 ኪሎ ሜትር ላይ ያለች የፈረንሳይ የሐይቅ ከተማ ናት። ወይም በባቡር ሞንትሩ ጋ ያለውን የሺዮን ግንብ እዩ። የብርዱ ወቅት ደግሞ ቢዝ የሚባል አጥንት የሚሰብር ነፋስ አለው። የታኅሣሥ 12 በዓላቸው፣ ኤስካላድ፣ ብርዱን ያስረሳል፤ በ1602 በሌሊት ግንብ ሊወጣ የመጣውን የጎረቤቱን ግዛት የሳቮይን ጦር የመለሱበት ቀን ነው። ሱቁ ሁሉ ከቸኮሌት በተሠራ ድስት ይሞላል፤ ድስቱ ውስጥ ከማርዚፓን የተሠሩ ትንንሽ ካሮትና ጎመን አሉ። አንዲት እናት የፈላ ሾርባ በወታደሮቹ ላይ ደፋች ይባላልና የእሷ ድስት ነው። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ድስቱን ይሰብረዋል፣ ልጆች ስብርባሪውን ይሻማሉ።

ሉሰርን

ውበት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ አትድከሙ፤ ሉሰርን ነው። ከዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ባቡር አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። ከጣቢያው ስትወጡ ሐይቁ ፊታችሁ ነው፤ መርከቡ እዚያው ይቆማል።

የ14ኛው ክፍለ ዘመኑ የእንጨት ድልድይ ካፔልብሩከ ወንዙን አግድም ያቋርጣል። ነሐሴ 18 ቀን 1993 ሌሊት እሳት ተነሳበት። ድልድዩን በወራት ውስጥ መልሰው ሠሩት፤ ከጣራው ሥር የነበሩት የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች ግን አብዛኞቹ ጠፉ። ስትሻገሩ ቀና በሉ። ሥዕሎቹ ሦስት ማዕዘን ናቸው፤ የተወሰነ ርቀት ትሄዱና ባዶ እንጨት ይመጣል። ባዶውን ቦታ በቅጂ ሞልተው አልደበቁትም፤ ይህ ከሥዕሎቹ እኩል ነው የነካኝ። ወንዙን ተከትላችሁ ወረድ ስትሉ ስፕሮየርብሩከ የሚባል ሌላ አሮጌ ድልድይ አለ፤ ሞት ንጉሡንም ደሀውንም እጁን ይዞ ሲወስድ የሚያሳዩ ሥዕሎች አሉበት። እሱ ጋ ሰው ይቀንሳል፣ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

የሚሞተው አንበሳ ሐውልት በነፃ ይታያል። በ1792 ፓሪስ ውስጥ የፈረንሳይን ንጉሥ ሲጠብቁ የተገደሉት የስዊስ ወታደሮች መታሰቢያ ነው፤ ከአለት ተፈልፍሎ በ1821 ተመረቀ። ሙዜግ በሚባለው የከተማ ግንብ ላይ ዘጠኝ ማማዎች አሉ፤ አንዱ ላይ ያለው ሰዓት ከከተማው ሰዓቶች ሁሉ አንድ ደቂቃ ቀድሞ የመምታት መብት አለው።

ከዚያ ተራራው። ሁለት ምርጫ አለ፦ ሪጊና ፒላቱስ። ሪጊ 1,797 ሜትር ነው፤ በ1871 የአውሮፓ የመጀመሪያው የጥርስ ሐዲድ (ባቡሩን ዳገት ላይ እንዳይንሸራተት በጥርስ የሚይዝ) ተራራ ባቡር የተሠራበት ነው። ፒላቱስ 2,128 ሜትር ነው፤ ባቡሩ ከ1889 ጀምሮ 48 በመቶ ዳገት ይወጣል፣ በዓለም ቀጥ ያለው የጥርስ ሐዲድ እሱ ነው። ስሙን የአካባቢው አፈ ታሪክ ከጲላጦስ ጋር ያያይዘዋል፤ መንፈሱ ተራራው ላይ ባለ ኩሬ ውስጥ እረፍት አጥቶ ይኖራል ይላሉ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ንስሐ የገባ ሰው ሆኖ ለሚታሰበው ጲላጦስ፣ እዚያ ይህን መስማት ይገርማል።

ምክሬ፦ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት የጫፉን ቀጥታ ካሜራ በስልካችሁ እዩ። ታች ፀሐይ ሆኖ ላይ ነጭ ጉም ብቻ የሆነበት ቀን ብዙ ነው። የፒላቱስ ባቡር ብርድ ሲገባ ይቆማል፣ ያኔ በኬብል ካር ብቻ ይወጣል። ስዊስ ትራቭል ፓስ የሚባለው ትኬት ሪጊን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ ፒላቱስን በግማሽ ዋጋ ነው። ሐይቁ ላይ ያሉትን መርከቦችና ባቡሮችንም ይሸፍናል። ለሦስት ቀን ከ200 ፍራንክ በላይ ነውና በየቀኑ ካልተንቀሳቀሳችሁ አያዋጣም። ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ግን ፓስ ካለው ወላጅ ጋር በነፃ ነው የሚሄዱት፤ ሁለት ሦስት ልጅ ላለው ቤተሰብ ስሌቱን ይለውጠዋል። ልጆች ካሉ የትራንስፖርት ሙዚየሙም አለ፤ ባቡሩ፣ አውሮፕላኑ፣ መርከቡ ሁሉ ስላለ ሙሉ ቀን ይይዛቸዋል።

ዋጋው እንደ ጄኔቫ ነው። በበጋ እኩለ ቀን ላይ ድልድዩ በአውቶቡስ በሚመጡ ጎብኚዎች ይጨናነቃል፤ ማታና ማለዳ ግን የእናንተ ነው። ስለዚህ ለቀን ውሎ ከመምጣት ማደር ይሻላል።

ኮንስታንዝ

ይህቺ ከተማ ለእኛ ሰው ብዙም አትታወቅም፤ ያ ያሳዝነኛል። ስዊዘርላንድ አጠገብ ሆና በጀርመን ዋጋ የምትኖር የድሮ ከተማ ናት። ከዙሪክ በቀጥታ ባቡር አንድ ሰዓት ከሩብ አካባቢ ነው። ጀርመን የምትኖሩ ደግሞ ዶይችላንድ ቲኬት ካላችሁ ከካርልስሩኸ በጥቁር ደን በኩል በክልል ባቡር ሳትጨምሩ ትደርሳላችሁ፤ መንገዱ ራሱ ጉብኝት ነው።

ከ1414 እስከ 1418 የአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ እዚህ ተቀመጠ። ያኔ ሦስት ሰዎች እኩል «የሮማው ጳጳስ እኔ ነኝ» ይሉ ነበር። ጉባኤው ሁለቱን ሻረ፣ አንዱ በፈቃዳቸው ለቀቁ፤ በ1417 ማርቲን አምስተኛ ተመረጡ። የተመረጡበት ሕንፃ እስካሁን ሐይቁ ዳር ቆሟል፤ በ1388 ለነጋዴ መጋዘንነት የተሠራ ነው። ያው ጉባኤ የቼኩን የተሐድሶ ሰባኪ ያን ሁስን ሐምሌ 6 ቀን 1415 በእሳት አስቃጠለው። ወደብ ላይ ኢምፔሪያ የምትባል የዘጠኝ ሜትር የሴት ሐውልት በቀስታ ትዞራለች፤ በአንድ እጇ ዘውድ ያደረገ፣ በሌላው የጳጳስ አክሊል ያደረገ ራቁት ትንንሽ ሰው ይዛለች። በ1993 ስትቆም ብዙ ሰው ተቆጥቶ ነበር። አሁን የከተማዋ ምልክት ናት።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተማዋ በቦምብ አልተመታችም። የስዊዟ ክሮይዝሊንገን ከጎኗ ስለሆነች የሁለቱ መብራት ከሰማይ አይለይም ነበር ይባላል። ስለዚህ አሮጌዎቹ ቤቶች እንዳሉ አሉ። ዛሬ በሁለቱ መካከል አጥር የለም፤ በቦታው 22 የብረት ሐውልቶች ተተክለዋል። በእግራችሁ ስዊዘርላንድ ገብታችሁ ትመለሳላችሁ፤ ፓስፖርት ግን ያዙ።

ወደ ማይናው የአበባ ደሴት በአውቶቡስ ይኬዳል። ወደ ራይኸናው ደሴትም እንደዚሁ፤ የጥንት ገዳሟ ከ2000 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ሜርስቡርግ በመኪና ጀልባ 15 ደቂቃ ነው። ቅዳሜ ግን መሃል ከተማ አትግቡ፤ ስዊሶቹ ለመገብየት ይመጣሉ፣ የሱቁ ሰልፍ አይጣል ነው። ጉድለቷ ተራራው ሩቅ መሆኑ ነው። ሰማይ ጥርት ካላለ የአልፕስን ጫፍ አታዩም። በረዶ ያለበትን ተራራ ከሐይቁ ጋር ለምትፈልጉ አትሆንም።

ኦህሪድ

ሐይቁ ከአውሮፓ ጥንታዊ ሐይቆች አንዱ ነው፤ ዕድሜው ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ጥልቀቱ 288 ሜትር፣ ውሃው ጥርት ያለ። ሐይቁ በ1979፣ ከተማዋ በ1980 የዓለም ቅርስ ሆነዋል። የቅዱሳኑ ቄርሎስና መቶድዮስ ደቀ መዛሙርት ቀለሜንጦስና ናዖም በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እዚህ አስተማሩ፤ የስላቭ ፊደልና መጽሐፍ ከዚህ ተስፋፋ።

ለኦርቶዶክስ አማኝ ኦህሪድ ሌላ ስሜት አላት። ቅድስት ሶፍያ ግድግዳ ላይ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል አለ። ካኔዮ የሚባለው ገደል ጫፍ ላይ የወንጌላዊው ዮሐንስ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ሐይቁን ታያለች። ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ የቅዱስ ናዖም ገዳም አለ። መቃብሩ ላይ ሰዎች ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ድንጋዩ ላይ ያደርጋሉ፤ የልቡ ትርታ ይሰማል ይላሉ። ከፊቴ የነበሩ አሮጊት ለረጅም ጊዜ ጎንበስ ብለው ቆዩ፣ ሲነሱ አማትበው ምንም ሳይናገሩ ወጡ። እኔ ደግሞ ላሊበላ ድንጋይ የሚስሙ እናቶች መጡብኝ። ግቢው ውስጥ ፒኮኮች ይንጎራደዳሉ፣ አጠገቡ ምንጩ ከሥር ሲፈላ ይታያል።

ጥምቀትንም እነሱ የሚያከብሩት በፈረንጆቹ ጥር 19 ነው፤ በእኛ ጥር 11 መሆኑ ነው፣ እንደኛው። ካህኑ መስቀል ወደ ሐይቁ ይጥላሉ፣ ወንዶች በዚያ ብርድ ዘለው ይገባሉ። ጃንሜዳን ለናፈቀ ሰው ለዚህ ብቻ መሄድ ይቻላል።

ጾመኛ ከሆናችሁ «ፖስኖ» የምትለዋን ቃል ያዙ። የጾም ማለት ነው፤ አስተናጋጁ ወዲያው ይገባዋል። ታቭቼ ግራቭቼ የሚባለው በሸክላ የሚጋገር ቦሎቄ ደህና ያጠግባል። የፍልሰታ ጾም የሚውለው ዋናው የጉብኝት ወቅት ላይ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሬስቶራንት ውስጥ የኦህሪድ ትራውት የሚባለው የሐይቁ ዓሣ ግን እየጠፋ ያለ ዝርያ ነውና ተዉት።

ዋጋው? በግለሰብ ቤት ውስጥ ንጹሕ ክፍል ለሁለት ሰው ከ30 እስከ 50 ዩሮ ይገኛል፤ በሐምሌና ነሐሴ ትንሽ ከፍ ይላል። በጄኔቫ አንድ እራት እዚህ አንድ ቀን ትኖራላችሁ። ጥሬ ገንዘብ ያዙ፣ ትንንሽ ቦታዎች ካርድ አይቀበሉም። ችግሩ መድረሻው ነው። ኦህሪድ የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ አላት፣ በረራው ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው ስኮፕዬ ያርፍና በአውቶቡስ ከሦስት ሰዓት በላይ ይጓዛል። ሦስት ቀን ብቻ ላለው ሰው ሁለቱ ግማሽ ቀኖች መንገድ ላይ ያልቃሉ።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

| | ጄኔቫ | ሉሰርን | ኮንስታንዝ | ኦህሪድ |
|---|---|---|---|---|
| ቪዛ | ሼንገን | ሼንገን | ሼንገን | የራሷ ሕግ |
| ገንዘብ | ፍራንክ | ፍራንክ | ዩሮ | ዴናር |
| ወጪ | በጣም ውድ | በጣም ውድ | መካከለኛ | ርካሽ |
| ከአዲስ አበባ መድረስ | በጣም ቀላል | በዙሪክ በኩል | በዙሪክ በኩል | አድካሚ |
| ለእግር | አጭር ዳገት | ሜዳና ዳገት | ሜዳ | ዳገት |
| ተራራ | ከሩቅ | ከጎን | ሩቅ | ቅርብ |
| ጠንካራ ጎን | የ1928 (በእኛ) ታሪክ፣ ስብሰባው | ውበት፣ ባቡርና መርከብ | የመካከለኛው ዘመን ከተማ | ገዳማት፣ ዋና |
| የሚበቃው ቀን | 2 | 3 | 2 | 4 |

ለማን የቱ?

ለስብሰባ ጄኔቫ መጥታችሁ ሁለት ቀን ከተረፋችሁ ሌላ ከተማ አትሩጡ። ቅዳሜና እሑድን እዚያው እደሩ፣ ሆቴሉም ይቀንስላችኋል።

ልጆች ይዛችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፓ የምትሄዱ ከሆነ ሉሰርን። ገንዘቡ ከበዳችሁ? ኮንስታንዝ እደሩና አንዱን ቀን ብቻ ሉሰርን ዋሉ፤ ረጅም ቀን ነው፣ በጠዋት መነሳት ይፈልጋል፣ ግን የሁለት ሌሊት የስዊዝ ሆቴል ያተርፋል።

እናታችሁን ወይም አባታችሁን የምትወስዱ ከሆነ ሁለት ነገር ይጋጫል። እግራቸውን ካያችሁ ኮንስታንዝ ነው። ልባቸውን ካያችሁ ኦህሪድ ነው። እኔ ብሆን ኦህሪድ ወስጄ ማደሪያውን ሐይቁ ዳር ሜዳው ላይ እይዛለሁ፤ ወደ ላይኛው ሰፈር በታክሲ ወስጄ ቁልቁለቱን አብሬ ቀስ እያልኩ እወርዳለሁ። ወደ ቅዱስ ናዖም ደግሞ በጀልባ፤ በበጋ ከከተማው ወደብ ጠዋት ይነሳል።

አውሮፓ ወይም እስራኤል ለምትኖሩና አንድ ሳምንት ለማረፍ ለምትፈልጉ ኦህሪድ ተወዳዳሪ የለውም። ዋና፣ ጀልባ፣ ርካሽ ምግብ አለ፤ ማታ ማታ ሰዉ ሁሉ ቤተሰቡን ይዞ ሐይቁ ዳር ወዲያ ወዲህ ይላል።

ከአዲስ አበባ የሚነሳና አንድ መግቢያ ቪዛ ብቻ ያገኘ ሰው ኦህሪድን ለሌላ ጊዜ ይተው። ጄኔቫ ሁለት ሌሊት፣ ከዚያ በባቡር ሉሰርን ሁለት ሌሊት፣ በዙሪክ አድርጎ ኮንስታንዝ አንድ ሌሊት፤ አምስት ሌሊት፣ ሦስት ሐይቅ፣ አንድ ቪዛ። አራቱ ሌሊት ስዊዘርላንድ ስለሆነ ማመልከቻው ለስዊዘርላንድ ነው።

ለአክስቴ ልጅ ምን አልኳት? በመስከረም ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ነው የምትሄደው፣ ከአዲስ አበባ። ጄኔቫና ሉሰርን አልኳት። ሆቴል ስትይዥ ያለቅጣት የሚሰረዘውን ያዢ፣ ቪዛው ከመውጣቱ በፊት ገንዘብሽን አትቆልፊ አልኳት። የፓሌ ዴ ናስዮንን ጉብኝት ቪዛው በወጣ ቀን ያዢ፣ ቦታ ቶሎ ያልቃል። ከዚያ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ይዘሽ ዩኒ ዱፉር ደረጃ ላይ ተቀመጪና የሆነውን ንገሪያቸው።